የሴቶች ፀጉር መርገፍ፦ የት ሳሳ? መቼ ጀመረ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በባሕር ዳር ከተማ፣ በዘጌና በደቅ፣ በጎርጎራና በቁንዝላ፣ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ሆናችሁ የምታዳምጡን እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ሴቶች ፀጉር መርገፍ ነው። ብዙ ሴት ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር ጠቅልላ እየጣለች፣ ሻሿን እያጠበቀች፣ ለማንም ሳትናገር ዓመት ሁለት ዓመት ትቆያለች። ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበታለን።

በአገራችን የሴት ፀጉር ዕድሜዋንና ኑሮዋን ሲናገር ኖሯል። በቀድሞው ዘመን ልጃገረድ ሳዱላ ትቆረጥ ነበር፤ ስትዳር ፀጉሯን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች፤ ከባድ ሐዘን ሲደርስባት ትላጫለች፤ ስትመነኩስ ተሸልታ ቆብ ትደፋለች። ዛሬ ሳዱላው ቢቀርም ለሠርግ፣ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ፀጉሯን ሳትሠራ የምትወጣ ሴት ጥቂት ናት። ስለዚህ ፀጉሯ የሳሳባት ሴት ያጣችው ፀጉር ብቻ አይመስላትም፤ ሴትነቷ የተነካ ይመስላታል። ይህ ስሜት ቅብጠት አይደለም። ቤተሰብም ሐኪምም በጥሞና ሊያዳምጡት ይገባል።

ደፍራ የተናገረች ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ዓይን ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ውሃው ነው»፣ «ቅቤ ተቀቢበት» የሚል ነው። መልሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የፀጉር መርገፍ ግን አንድ በሽታ አይደለም። አንዱ ዓይነት ጊዜ ሲሰጡት በራሱ ይመለሳል፤ ሌላው ጊዜ ሲሰጡት ለዘለቄታው ይጠፋል። የትኛው እንደሆነ መለየት የሚጀምረው ከሁለት ጥያቄዎች ነው። ፀጉሩ የሳሳው የት ላይ ነው? የጀመረውስ መቼ ነው? ከዚህ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልን።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መጀመሪያ ጤነኛ ፀጉር እንዴት እንደሚኖር እንመልከት። የሰው ራስ ላይ በአማካይ መቶ ሺህ ገደማ ፀጉር አለ። እያንዳንዱ የሚበቅለው በራስ ቆዳ ውስጥ ካለች ትንሽ ጉድጓድ ነው። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ይህ ዕድገቱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይቀጥላል። ከዚያ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ማደጉን ያቆማል፣ ለ3 ወር ገደማ ያርፋል፣ ዕረፍቱን ሲጨርስ ይረግፋል፤ ከዚያችው ጉድጓድ አዲስ ይተካል። ፀጉራችን እንደ ፎገራ ሩዝ በአንድ ሰሞን ተዘርቶ በአንድ ሰሞን የሚታጨድ አይደለም። ብዙው ሲያድግ ጥቂቱ ያርፋል፣ ከዚያም ጥቂቱ በየቀኑ ይረግፋል።

ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የጤና ነው። ሹሩባ ለሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲፈታ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ወጣ ብለው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። እስቲ አስሉት፤ በቀን 50 ቢረግፍ እንኳ በ14 ቀን 700 ይሆናል። ያ ሁሉ በጉንጉኑ ተይዞ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ወጣ እንጂ አዲስ በሽታ አልመጣም። ልብ ልትሉት የሚገባው ሌላ ነው፤ ጣታችሁን በፀጉራችሁ ውስጥ ስታሳልፉ በየቀኑ ብዙ ተከትሎ ከወጣ፣ ጉንጉናችሁ ካለፈው ዓመት ከቀጠነ፣ የራስ ቆዳችሁ መታየት ከጀመረ፣ ወይም የግንባር ፀጉራችሁ ወደ ኋላ ከሸሸ ትኩረት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችን እንግባ። ፀጉሩ የሚረግፈው ከራስ ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ቁልፉ «መቼ» የሚለው ጥያቄ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በፊት ምን ደርሶባችሁ ነበር? ሰውነት ከባድ ነገር ሲገጥመው በማደግ ላይ የነበረ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል። ወዲያው ግን አይወድቅም፤ ዕረፍቱን ጨርሶ ነው የሚረግፈው። በዚህ የተነሳ ሕመሙ አልፎ፣ ሰውነት አገግሞ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ማረሽ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ መርገፉ ይጀምራል።

ይህን በጣና ዳርቻ ኑሮ ላይ አስቡት። የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ በሐይቁ ዙሪያ ባለው ሜዳ ወባ ይበረታል። ጥቅምት ላይ በወባ ወይም በታይፎይድ ትኩሳት የተኛች ሴት ፀጉሯ መርገፍ የሚጀምረው ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ነው። ለጥምቀት ልትሠራ ስትቀመጥ በእፍኝ ይወጣል። ያን ጊዜ የምትወቅሰው ሠሪዋን፣ ሳሙናውን ወይም ዓይኑ ያረፈባትን ሰው ነው፤ የጥቅምቱን ትኩሳት ከፀጉሯ ጋር የሚያገናኝላት የለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ሰዎች ከበሽታው ካገገሙ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፀጉራቸው ረገፈ።

ወሊድም እንዲሁ ነው። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍ ስለሚል ፀጉር በዕድገቱ ላይ ይቆያል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፀጉሯ የሚፋፋው ለዚህ ነው። ከወለደች በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ ያ ሁሉ ፀጉር አብሮ ወደ ዕረፍት ይገባል። ሴት ልጅ የወለደች እናት የ80 ቀኑ ክርስትና ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ፀጉሯ ሲረግፍ ብታይ የሚጠበቅ ነገር ነው። መንስኤው ጡት ማጥባቷ አይደለም። ለፀጉር ተብሎ ጡት ማስጣል ሕፃኑን መጉዳት ብቻ ነው።

ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስም ይህንኑ ያመጣሉ። ጽኑ ሐዘንና ጭንቀትም እንዲሁ። ወዳጅ የቀበረች፣ ከቤቷ የተፈናቀለች፣ ወራት ሙሉ በሥጋት ያደረች ሴት ፀጉሯ ቢረግፍ ሰውነቷ የተሸከመውን መናገሩ ነው።

ደስ የሚለው፣ በዚህኛው ዓይነት የፀጉሩ ሥር አይሞትም። መርገፉ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል፤ አዲሱም ይበቅላል። ነገር ግን በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ቀድሞ ወደነበረው ለመመለስ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። የሚያስፈልገው ጥሩ ምግብ፣ ዕረፍትና ትዕግሥት ነው። ከ6 ወር በኋላም የማያቆም ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መርገፉ ከ6 ወር በላይ ሲቆይ ከሚፈለጉት ምክንያቶች ዋናው የብረት ማዕድን እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሚገኙ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ ማለት ነው። ብረት ሲያንስ ሰውነት ያለውን ለልብና ለአንጎል ያስቀድማል፤ ፀጉር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ድካም፣ ዳገት ሲወጡ ማለክለክ፣ ራስ ማዞር፣ የጥፍር መሰባበር ከፀጉር መርገፍ ጋር ከመጡ ደማችሁን አስመርምሩ።

ጤፍም፣ ሽሮም፣ ምስርም፣ ጎመንም ብረት አላቸው። ታዲያ ለምን ያንሰናል? ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት እንደ ሥጋና እንደ ዓሣው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። በእህሉ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይህ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ እንጀራ ሳይቸኩሉ ማቡካት ጥቅም አለው። በፎገራና አካባቢው እንደተለመደው ሩዝ በብዛት ቀላቅላችሁ የምትጋግሩ ደግሞ የተፈተገ ሩዝ ብረቱ ከጤፍ እንደሚያንስ አውቃችሁ ወጡን በምስርና በጎመን አጠንክሩት።

ሌላው ቡና ነው። ምግብ ተበልቶ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። የዘጌ ቡና የደጃችን በረከት ነው፤ ተዉት አንልም። የምሳው ገበታ እንደተነሳ ከማፍላት ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። በተቃራኒው ሎሚ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳሉ። ከሽሮው ጎን አንድ ጥሬ ቃሪያ መብላት ቀላል ልማድ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ጣና ዳር የምትኖር ሴት ደግሞ ዓሣ አላት። ፀጉር የሚሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ዓሣ ፕሮቲኑን ይሰጣል፣ የእህሉ ብረትም በቀላሉ እንዲገባ ያግዛል። ቆሮሶውንም አምባዛውንም ሙሉ በሙሉ ለገበያ አውጥታችሁ ለቤት የማታስቀሩ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰቦች፣ ለእናትየዋና ለልጆቹ የሚሆን ቀንሳችሁ አስቀሩ።

የሚገባው ብረት ቢበዛም የሚፈሰው ከበዛ ዋጋ የለውም። የወር አበባቸው ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ ወይም ደሙ እየረጋ የሚወጣ ሴቶች ብዙ ብረት ያጣሉ፤ ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም፣ ሕክምና አለው። ወሊድ ሲቀራረብም እንዲሁ ነው። በእርግዝና ክትትል ጊዜ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ጨርሳችሁ ዋጡ። የመንጠቆ ትልንም አትርሱ። በባዶ እግር ሲኬድ ከእርጥብ አፈር በቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በባሕር ዳርና አካባቢዋ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ የሰገራ ምርመራዎች በብዛት ከተገኙት ጥገኛ ትሎች አንዱ ነው። ጫማ ማድረግና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ለፀጉርም ጭምር ይጠቅማል የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ውስጣዊ ምክንያት አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ነው። ዕጢው ሥራው ሲቀንስ ፀጉር ይደርቃል፣ ይሳሳል፤ የቅንድብ የውጭ ጫፍም ሊሳሳ ይችላል። ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ ያለ ምክንያት መወፈር፣ የድምፅ መጎርነን ምልክቶቹ ናቸው። ሥራው ሲበዛም፣ ልብ በፍጥነት እየመታ፣ ላብ እያጠመቀ፣ ሰውነት እየከሳ ፀጉር ይረግፋል። እንቅርት በደጋው አካባቢያችን የቆየ ችግር ነው። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ከድናችሁ ከፀሐይ አርቁት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ አዮዲኑ በሙቀት ስለሚባክን።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ «የት» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። የሳሳው የግንባር ጠርዝና ከጆሮ በላይ ያለው ቦታ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ መንስኤው ጥብቅ አሠራር ነው። ሹሩባ የምንኮራበት ጥበብ ነው፤ አልባሶውም ቁንዳላውም ከነወጉ ይኑር። ጉዳቱ ያለው ጥብቀቱ ላይ ነው። ፀጉር ለሳምንታት ሲጎተት ሥሩ ይቆጣል። መጎተቱ ለዓመታት ሲደጋገም ሥሩ ይሞታል፣ ጉድጓዱ በጠባሳ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ የሚያበቅል መድኃኒት የለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1907 ፀጉራቸውን አጥብቀው ወደ ላይ በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት አዋቂ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ ይህ ጉዳት ነበረባት። ያው ጥናት በኬሚካል የተለሰለሰ ፀጉር ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር እየጨመሩ መጎንጎን አደጋውን እንደሚያባብስ አመልክቷል። በየፀጉር ቤቱ ዛሬ ተፈላጊ የሆነው ደግሞ ይኸው ነው።

ምልክቱን እንዴት ታውቃላችሁ? መስታወት ፊት ቁሙ። ከግንባራችሁ ጫፍ ላይ ቀጭን የለስላሳ ፀጉር መስመር ቀርቶ ከኋላው ሳሳ ያለ ወይም ባዶ ቦታ ካለ፣ መጎተት ያመጣው ነው። ከዚያ በፊት የሚመጡ ማስጠንቀቂያዎችም አሉ። ሹሩባ ተሠርታችሁ ሌሊቱን መተኛት ካቃታችሁ፣ ለራስ ምታቱ ማስታገሻ ከዋጣችሁ፣ ቅንድባችሁ ወደ ላይ የተሳበ ከመሰላችሁ፣ ከጉንጉኑ ሥር ትንንሽ ብጉር ከወጣ፣ ሹሩባው ከልክ በላይ ጠብቋልና በዚያው ቀን ይፈታ። «ሲያድር ይላላል» ተብሎ አይታለፍ። እስኪላላ ድረስ ሥሩ እየተጎዳ ነው።

ለሠሪዎቻችን፣ ለእናቶቻችንና ለሳሎን ባለሙያዎች ልመናችን ይህ ነው። የግንባርና የጆሮ ዙሪያውን ፀጉር አላልታችሁ ያዙት፤ ወይም ከጉንጉኑ ውጪ ተዉት። ከእጅግ ቀጫጭን ይልቅ ወፈር ያለ ጉንጉን ምረጡ። የምትጨምሩት ሰው ሠራሽ ፀጉር እንዳይከብድ አድርጉ። ፀጉር የሚያለሰልሰው ኬሚካል፣ ሪላክሰር፣ በተቀባ ሰሞን ሹሩባም ስፌትም አትሥሩ። ደንበኛችሁ አመመኝ ስትል ስሟት። የምትሠሩም እህቶች አንዱን ፈትታችሁ ወዲያው ሌላ አትድገሙ፤ ጥቂት ሳምንታት ፀጉሩ ላልቶ ይረፍ። በሙጫ የሚለጠፍ ዊግ፣ አጥብቆ የታሰረ ሻሽ፣ ወደ ኋላ ተጎትቶ በላስቲክ የሚታሰር ፀጉርም ከዚሁ ይቆጠራል።

በተለይ ስለ ልጆች። የስድስት ዓመት ልጅ ግንባሯ ተወጥሮ ስታለቅስ «ቁንጅና ሕመም አለው» እያልን የምንይዛት ከሆነ፣ በሃያ ዓመቷ የሚታየውን ጉዳት የምንጀምረው እኛ ነን። በጊዜ ከላላ ግን የልጆች ፀጉር ይመለሳል። አዋቂም ብትሆን የሳሳው ቦታ ላይ ገና ቀጫጭን ፀጉር የሚታይ ከሆነ ተስፋ አለ፤ ማጥበቁን ማቆም ብቻውን በወራት ውስጥ ለውጥ ያሳያል።

ሦስተኛው ቦታ መሀል አናት ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመሳሰላሉ። አንደኛው በዘርና በሆርሞን የሚመጣው መሳሳት ነው። የፀጉር ክፋዩ፣ ማለትም ስታበጥሩ በመሀል የምታወጡት መስመር፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል፤ የግንባሩ ጠርዝ ግን በቦታው ይቆያል። አያቷ ወይም እናቷ እንዲህ የሆነችባት፣ ወይም የወር አበባዋ የሚቋረጥበት ዕድሜ ላይ የደረሰች ሴት ላይ የተለመደ ነው። ወጣት ሴት ላይ ከወር አበባ መዛባት፣ ከፊት ብጉርና ከአገጭ ፀጉር ጋር ከመጣ ግን የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ለዚህኛው ሚኖክሲዲል የሚባል የራስ ቆዳ ላይ የሚደረግ መድኃኒት ይረዳል። ውጤቱ ለመታየት 6 ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉን ሊያባብሰው ይችላል፤ ሲቆም ጥቅሙም ይቆማል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትጠቀመው። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚጀመር ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ከአናት መሀል ጀምሮ ወደ ውጭ እየሰፋ፣ ጠባሳ እየተወ የሚሄድ፣ በአብዛኛው ጥቁር ሴቶችን የሚያጠቃ ዓይነት አለ። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ሲነካ ያማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይሰማ ይሄዳል። ቆዳው እያንጸባረቀ የፀጉር ጉድጓዶቹ ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ሐኪሞች ሲገልጹት ጥፋቱን በጋለ ማበጠሪያ ላይ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ከታማሚዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ከፀጉር አፈጣጠር ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ መኖሩን አሳየ። ሙቀትና መጎተት ሊያባብሱት ይችላሉ፤ ሴቲቱን ግን «በመተኮሻ ያጠፋሽው ራስሽ ነሽ» ማለት አይገባም። ሕክምናው የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያድናል። አናታችሁ ላይ እያሳከከ ወይም እያቃጠለ ከሳሳ ቀጠሮ አታሳድሩ።

አራተኛው በክብ በክብ የሚለቀቀው ነው። በተለምዶ ላሽ የሚባለው፣ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ እንደ ሳንቲም ክብ ቦታ ባዶ የሚሆንበት፣ የሰውነት መከላከያ የፀጉርን ሥር በስሕተት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፤ ሐኪም በመርፌ ወይም በቅባት ሊረዳው ይችላል። የአሜሪካ ምክር ቤት አባል አያና ፕሬስሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ሙሉ ፀጉራቸውን በዚህ በሽታ እንዳጡ በአደባባይ ተናግረው ያለ ዊግ መታየት ጀመሩ። ቆረቆር ግን የተለየ ነው፤ ፈንገስ ነው፣ ይቀርፋል፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩን ይሰብራል፣ በተለይ በልጆች መካከል በማበጠሪያና በኮፍያ ይተላለፋል። በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ራሳችን ላይ ስለምናደርገው ነገርም ጥቂት እንበል። ለጋ ቅቤ ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ መሰባበርን ይቀንሳል፤ ለዚህ መልካም ነው። የሞተ ሥር ግን አያስነሳም፣ የደም ማነስንም አያክምም። ፎሮፎር ላለበት ራስ ደግሞ ቅባት ማብዛት ፎሮፎሩን ያባብሳል። አብሽ፣ ተልባ፣ እሬትና የጉሎ ዘይት ፀጉሩን ሊያለሰልሱ ይችላሉ፤ የረገፈ ያበቅላሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ግን የለም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ የራስ ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል ይቅር። መላጨትም ፀጉርን አያበዛም፤ ሥሩ ከቆዳ በታች ስለሆነ ምላጭ አይነካውም። ለፀጉር ተብለው የሚሸጡ ቪታሚኖችን ሳይመረመሩ አትዋጡ። ቪታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ፀጉር ያረግፋል፤ ባዮቲን የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ሊያዛባ ይችላል።

ሕክምናው የሚጀምረው በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ስትሄዱ ሻሻችሁን፣ ሹሩባም ካላችሁ ሹሩባችሁን ለመፍታት ተዘጋጁ። ከመሄዳችሁ በፊት መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ስለነበረ ሕመም፣ ወሊድ ወይም ሐዘን፣ ስለ ወር አበባችሁ፣ ስለምትወስዱት መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ አስታውሱ። ባለሙያው ጥቂት ፀጉር ይዞ በቀስታ ይስባል፤ የደም፣ የብረትና የታይሮይድ ምርመራ ሊያዝዝ ይችላል። ጠባሳ የሚተወው ዓይነት ከጠረጠረ ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካችኋል፤ ከራስ ቆዳ ትንሽ ናሙና መውሰድም ሊያስፈልግ ይችላል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከጤና ጣቢያ የሚላኩ ታካሚዎችን ይቀበላሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ አለርት ለረጅም ዘመን የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ያገለግላል። ጠበል የምትጠመቁም ጠበላችሁን ሳትተዉ ምርመራችሁን አድርጉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ባሎች፣ ወንድሞችና አባቶችም ድርሻ አላችሁ። ሚስታችሁ ወይም እህታችሁ ፀጉሯ ሲሳሳ አትሳቁባት፣ «ምን ጎደለሽ» አትበሏት። የመጓጓዣውን ገንዘብ ስጧት፣ ከደሴት ከሆነ በጀልባው አብራችኋት ተሻገሩ።

እናቶች፣ የልጆቻችሁን ሹሩባ ከዛሬ ጀምራችሁ አላሉት። እህቶች፣ ከወሊድ ወይም ከትኩሳት በኋላ የመጣ ከሆነ ታገሡ፣ በደንብ ብሉ፣ ይመለሳል። ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ግንባራችሁና አናታችሁ ላይ ከሳሳ ግን ሌላ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህን የሰማችሁ ላልሰማች አንዲት ሴት ንገሩልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)